በገናን በሞንታርቦ

«ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር» ይላሉ አበው። እኔ ከበሮ ይዤ አላውቅም። ቀን ቀን የባንክ መስኮት ላይ ተቀምጬ የሰው ገንዘብ እቆጥራለሁ፤ ማታ ማታ ደግሞ ስንኝ እቆጥራለሁ። የድምፅ መሐንዲስም አይደለሁም። ይሁን እንጂ ዛሬ ስለ ድምፅ ማጉያ ልጽፍ ተነሥቻለሁ፤ ያስነሣኝም ቁጣ ነው። አንባቢ ሆይ፣ ስለ ግጥም በሚወራበት ሰፈር የሣጥንና የሽቦ ወሬ ምን አመጣው ትል ይሆናል። እስከ መጨረሻው ታገሠኝ፤ ነገሩ የግጥም ነገር ነው።

ባለፈው ዓመት በገና ሰሞን፣ በአንድ አዳራሽ በተሰናዳ የግጥምና የሙዚቃ ምሽት ላይ እንዳነብ ተጋበዝሁ። ከእኔ በፊት በገና ደርዳሪ ነበረ፤ ከእኔ በኋላ ክራርና ማሲንቆ። አዳራሹ ቢበዛ ሁለት መቶ ሰው የሚይዝ ነው። በመድረኩ ግራና ቀኝ ቁም ሣጥን የሚያካክሉ ሁለት ሞንታርቦዎች ቆመዋል፤ ከእግራቸው ሥር ባስ ብቻ የሚያወጡ ሌሎች ሁለት ሣጥኖች ተጋድመዋል። እነዚሁ ሣጥኖች ባለፈው ቅዳሜ ሰርግ ላይ እንደ ነበሩ ባለ ድምፁ ልጅ በኩራት ነገረኝ። ሰርጉ ደማቅ እንደ ነበረ አልጠራጠርም።

በገና ደርዳሪው የመጀመሪያውን አውታር ሲነካ የመስኮቱ መስታወት ተንቀጠቀጠ። ሰውየው ራሱ ደንግጦ እጁን አነሣ። ከዚያ ቀጠለ፤ ነገር ግን ወደ እኛ የደረሰው በገና አልነበረም። ከጓሮ ጀኔሬተር የተነሣ ይመስል ነበር። ጣቶቹ ሲንቀሳቀሱ አያለሁ፤ ከንፈሩ ሲከፈትና ሲከደን አያለሁ፤ ዜማውንም ቃሉንም ግን ጉርምርምታው ውጦታል።

የእኔ ተራ ደረሰ። ካዘጋጀኋቸው መካከል ይህች ባለ ሁለት ስንኝ ነበረች፦

ለበዓል ና ብለሽ መጣሁ ከደጅሽ፣
ገና ነው ይሉኛል እነዘመዶችሽ።

ትልቅ ግጥም ነው አልልም። ነገር ግን ያለችው በአንዲት ቃል ላይ ነው፤ «ገና» ጠብቆ ሲነበብ በዓሉ ነው፣ ላልቶ ሲነበብ ደግሞ «ጊዜው አልደረሰም» ነው። አፍቃሪው ቀጠሮውን አክብሮ በበዓሉ ቀን መጥቶ፣ «ገና ነው» ተብሎ በደጅ ይቀራል። ሁለት ጊዜ አነበብኋት፤ አንድ ጊዜ አጥብቄ፣ አንድ ጊዜ አላልቼ። አዳራሹ አጨበጨበ። ደስ አለኝ። ከመድረክ ስወርድ በፊተኛው ረድፍ የተቀመጡ አንዲት እናት እጄን ያዙና «ድምፅህ ያስገመግማል የኔ ልጅ፤ ተባረክ። ግን ምን ነበር ያልከው?» አሉኝ።

ወደ መተላለፊያው ይዣቸው ወጣሁና ያለ ምንም መሣሪያ ደገምሁላቸው። «አዬ ጉድ! ገና ነው አሉት እንዴ?» ብለው ከልባቸው ሳቁ። እንግዲህ ፍርዱን ስጡ፤ በብዙ ሺህ ብር ኪራይ የመጣ መሣሪያ ለሁለት መቶ ሰው ያላደረሰውን፣ የተራ ሰው ጉሮሮ በጠባብ ኮሪደር አደረሰው። ታዲያ ሰዎቹ ያጨበጨቡት ለምን ነበር? ለግጥሙ አይደለም፤ አልሰሙትማ። ያጨበጨቡት ለመስታወቱ መንቀጥቀጥ ነው።

ለባለ ድምፁ ልጅ ቅሬታዬን ስነግረው የሰጠኝ መልስ አጭር ነበር፦ «ወንድሜ፣ ጥሩ ስፒከር ለሁሉም ሙዚቃ ጥሩ ነው። ባሱን ከቀነስሁት ሰዉ ድምፁ ደካማ ነው ይለኛል።» በዚህች መልስ ውስጥ ሁለት ሐሳብ አለ። አንደኛው ግማሽ እውነት ነው፤ ሁለተኛው ሙሉ እውነት ነው፤ የሚያሳዝነውም ሁለተኛው ነው።

ከግማሹ እውነት ልጀምር። የሙያው ሰዎች እንዲህ ይሉናል፦ ፍጹም የሆነ ድምፅ ማጉያ የራሱ ጠባይ የለውም፤ የተሰጠውን ሳይጨምርና ሳይቀንስ ይመልሳል፤ ስለዚህ ለቅዳሴም ለጃዝም ለሬጌም አንድ ነው። በወረቀት ላይ ትክክል ነው። ግን እንዲህ ያለውን ፍጹም ሣጥን ማን አየው? ራይስና ኬሎግ የተባሉት አሜሪካውያን መሐንዲሶች እ.ኤ.አ. በ1925 ዛሬ የምናውቀውን በመጠምጠሚያ ሽቦና በማግኔት የሚንቀሳቀስ ባለ ወረቀት ድምፅ ማጉያ ለዓለም ካስተዋወቁ ወዲህ፣ የዚህ ሙያ ታሪክ የመደራደር ታሪክ ነው። ዝቅተኛውን ድምፅ ለማውጣት ብዙ አየር መግፋት ያስፈልጋል፤ ለዚያ ሰፊ ሸራ ይፈለጋል። ከፍተኛውን ድምፅ በየአቅጣጫው ለመበተን ደግሞ ትንሽና ቀላል ሸራ ይሻላል። የ50 ኸርዝ ሞገድ ርዝመቱ ሰባት ሜትር ያህል ነው፤ የ3,000 ኸርዙ ግን ከአሥራ ሁለት ሳንቲ ሜትር አይበልጥም። ዝሆንና ጉንዳን በአንድ በር ይግቡ እንደ ማለት ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ሠሪ አንዱን ለማግኘት ሌላውን ይሰጣል፤ እያንዳንዱ ሣጥንም የሠሪውን ምርጫ ተሸክሞ ይወጣል።

ምርጫዎቹም ልዩ ልዩ ናቸው። ቀንደ መለከት የሚመስለው ድምፅ ማጉያ የተስፋፋው ማጉያ መሣሪያዎች ጥቂት ዋት ብቻ በነበራቸው ዘመን፣ ትልልቅ ሲኒማ ቤቶችን ለመሙላት ነው። ጥቂት ኃይል ወስዶ ብዙ ይጮኻል፤ ሩቅ ይደርሳል። ፖል ክሊፕሽ የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ይህንኑ ቀንድ ለመኖሪያ ቤት ማዕዘን እንዲስማማ አጥፎ ሠራው። የጌታቸው መኩሪያን ሳክስፎን በእንዲህ ያለ ቀንድ መስማት ማለት፣ ናስን በናስ ዘመድ መስማት ነው፤ ሽለላውና ፉከራው ከነትንፋሹ ይመጣል። በዚያው ቀንድ የተዘመረ ለስላሳ እንጉርጉሮ ግን ሊሻክር፣ በአፍንጫ የተዘፈነ ሊመስል ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ1954 ደግሞ ኤድጋር ቪልቹር አየሩ የታሸገ ትንሽ ሣጥን አመጣ። ሸራው ከበስተጀርባው በታፈነው አየር ላይ እንደ ፍራሽ ይነጥራል፤ ባሱ ብዙ አይጮኽም፤ ነገር ግን ሲባል ይጀምራል፣ ሲባል ያቆማል። ከዚህ በተቃራኒ የቆመው ባለ ቀዳዳው ሣጥን ነው። በቀዳዳው የሚወጣው አየር ባሱን ያበረታዋል፤ በአግባቡ ካልተሠራ ግን ከበሮው ካበቃ በኋላም እርሱ ማጉረምረሙን ይቀጥላል፤ የተለያዩ ኖታዎችንም አንድ ዓይነት «ድም» ያደርጋቸዋል። የሰርግ ሣጥኖች አብዛኞቹ ከዚህ ቤተሰብ ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ1957 እንግሊዛዊው ኳድ ጨርሶ ሣጥን የሌለው አወጣ፤ በኤሌክትሪክ ኃይል የሚርገበገብ ስስ ሽፋን ነው። አይጮኽም፤ ጥልቅ ባስም የለውም። ነገር ግን ጣት ቁልፉን ሲነካና ሲለቅ ያለውን ነገር ይነግርሃል። እ.ኤ.አ. በ2023 ያረፉትን የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ፒያኖ በምን ልስማ ብሎ ለሚጠይቀኝ፣ ገንዘቡና ጸጥ ያለ ክፍል ካለህ በዚህ ስማ እለዋለሁ። ገንዘቡ ከሌለህ፣ እንደ እኔ ማለት ነው፣ በትንሽና በተረጋጋ ሣጥን፣ ድምፁን ቀነስ አድርገህ ስማ።

ትንሽ ሣጥን ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በስርጭት መኪኖቹ ውስጥ የሚገጠም፣ ቁመቱ ሠላሳ ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነ ድምፅ ማጉያ አሠርቶ ነበር። ዋና ሥራው የሰውን ንግግር እንዳለ ማሰማት ነበር። ሰው አልጨፈረበትም። ግን አንባቢው ከንፈሩን ሲያላቅቅ የሚሰማበት ነበርና፣ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ዛሬም ፈላጊ አለው።

የእኛ ባንክ መስኮትም እንዲሁ ነው ብል አትሳቁብኝ። በመስታወቱ በዚያ ወገን ላሉት ደንበኞች ድምፄን የምታደርስ ከእጄ መዳፍ የማትበልጥ ስፒከር አለች። ባስ የሚባል አታውቅም። ግን «ስድስት ሺህ» እና «ስልሳ ሺህ» ብዬ አንድም ቀን አልተምታታብኝም፤ ቢምታታ ኖሮ ደመወዜ ይነግረኝ ነበር። ገንዘብ ለመቁጠር ያልተፈቀደ መዛባት ቅኔ ለመስማት እንዴት ተፈቀደ? ይህ ነው የእኔ ጥያቄ።

አሁን ወደ ቋንቋችን ልግባ። የጎልማሳ ወንድ ድምፅ መሠረቱ ከ100 ኸርዝ ብዙም አይርቅም፤ ቃልን ከቃል የሚለዩት ተነባቢዎች ግን በአመዛኙ ከ2,000 ኸርዝ በላይ ነው የሚኖሩት። የድሮው የስልክ መስመር ከ300 ኸርዝ በታች ያለውን ሁሉ ቆርጦ ይጥል ነበር፤ ሆኖም እናቶቻችን «በላህ ወይ?» ሲሉን ሳንሳሳት እንሰማ ነበር። ትርጉም ባስ ውስጥ እንደማይኖር ከዚህ የበለጠ ምስክር አያስፈልግም። አማርኛ ደግሞ በዚህ ረገድ ለአደጋ የተጋለጠ ነው። ቀ፣ ጠ፣ ጨ፣ ጸ በጉሮሮ ታፍነው የሚፈነዱ፣ በቅጽበት መጥተው በቅጽበት የሚሄዱ ድምፆች ናቸው። ጠ ተ ከመሰለ፣ ቀ ከ ከመሰለ፣ «ቀረ» ማለቱ ይሁን «ከረ» በምን ይታወቃል? ከባድ ድምፅ ከበላዩ ያለውን ስስ ድምፅ ይሸፍናል፤ ስሱ ግን ከባዱን ያን ያህል አይሸፍንም። ይህ የጆሮ ተፈጥሮ ነው፤ በሞንታርቦ የሚለወጥ አይደለም።

በዚህ ላይ መጥበቅና መላላት አለ። «አለ» ላልቶ ተናገረ ነው፤ ጠብቆ ኖረ፣ ተገኘ ነው። ልዩነቱ የተነባቢው የቆይታ ጊዜ ብቻ ነው፤ ከሰከንድ ጥቂት መቶኛ። ፊደላችን እንኳ ይህን አይጽፈውም፤ ለጆሮ አደራ ብሎ ትቶታል። ድምፁ በኮንክሪት ግድግዳ ላይ እየነጠረ አንዱ ቃል በሌላው ላይ በሚጎተትበት አዳራሽ ውስጥ ይህ አደራ ይበላል። ሰምና ወርቅ የቆመው ደግሞ በአብዛኛው በዚህች የሰከንድ ቅንጣት ላይ ነው። አንባቢ ሆይ፣ የግጥም ነገር ነው ያልሁህ ይኸው ነው።

በገናንም ተመልከት። አሥር አውታሮች አሉት፤ ከአንጀት የሚሠሩ ናቸው። በአውታሩና በብርኩማው መካከል ትንንሽ የቆዳ ቁራጮች ይገባሉ፤ አውታሩ እየነካቸው ሲርገበገብ ያ የምናውቀው የንብ መንጋ የሚመስል ዝማሬ ይወለዳል። በገና ጥልቅ የሚመስለን ባስ ስለበዛው አይደለም። ጥልቅነቱ ከታች ባለው ድምፅና ከላይ በሚያንዣብበው ዝማሬ መካከል ነው። ባሱን ብቻ አጉልተህ ዝማሬውን ብታፍን፣ ከበገና የቀረህ እንጨትና ቆዳ ነው። የአለሙ አጋን በገና የቀረጸው የኢትዮጵክስ 11ኛ አልበም በእጅህ ካለ ራስህ ሞክረው። መጀመሪያ የባሱን ቁልፍ እስከ መጨረሻው አዙረህ ስማ፤ ቀጥሎ ወደ ነበረበት መልሰህ ስማ። ከዚያ በኋላ የእኔ ክርክር አያስፈልግህም።

ባስ ጠላትህ ነው ወይ ለሚለኝ፣ አይደለም። ጃማይካውያን እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ጀምሮ መንገድ ላይ ትልልቅ ሣጥን ደርድረው ሲጨፍሩ፣ ሙዚቃቸውና ሣጥናቸው እየተያዩ አብረው አደጉ። የሬጌ ባስ የዘፈኑ ሁለተኛ ዘፋኝ ነው፤ በደረት ካልተሰማ ግማሹ ጎደለ። ሬጌን በባንክ መስኮት ስፒከር ማጫወት በገናን በሞንታርቦ ከማጉረምረም የማይተናነስ ግፍ ነው። ሰርግም በትልቅ ሣጥን ይድመቅ፤ እስክስታ ትከሻን የሚጠራ ምት ይፈልጋል። እኔ የምለው፣ ጃማይካውያን ለራሳቸው ሙዚቃ የሚስማማ ሣጥን ሠሩ፤ እኛ ግን የእነርሱን ሣጥን ተከራይተን የራሳችንን ሙዚቃ ለሣጥኑ እንዲስማማ እየቆረጥን ነው።

ይህን ያጋነንሁ የሚመስለው ወደ አዝማሪ ቤት ይሂድ። አዝማሪ ጌታው ጆሮው ነበር። ከወዲያ ጥግ አንዱ ስንኝ ይወረውራል፣ አዝማሪው በማሲንቆው ተቀብሎ ያዜማታል፣ ከወዲህ ሌላው ይመልሳል። ዛሬ በአንዳንዱ ቤት አሥራ አምስት ኢንች ሸራ ከአዝማሪው ራስ በላይ ተሰቅሏል። ስንኝ ሰጪው ቢጮኽ አይሰማም፤ ስለዚህ መስጠቱን ትቶ ብር ይለጥፋል። የአንዲት የፈረስ ጭራ አውታር ዋይታ ያን ሁሉ መብረቅ አትፈልግም ነበር፤ አንድ መካከለኛ ሸራ፣ በጆሮ ቁመት፣ ለዚያች ክፍል ከበቂ በላይ ነው። መሣሪያው የገባው ድምፅ ሊጨምር ነበር፤ ክፍሉን ግን ከተነጋጋሪነት ወደ ታዳሚነት አወረደው።

አሁን የባለ ድምፁን ልጅ ሁለተኛ ሐሳብ ላንሣ፤ «ባሱን ከቀነስሁት ሰዉ ደካማ ነው ይለኛል» ያለውን። እውነቱን ነው። ልጁን አልወቅሰውም፤ እንጀራው ነው። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» የሚለው ተረት ስለ ሐሜት የተነገረ ነው፤ ዛሬ ግን ቃል በቃል ተፈጽሞብናል። ጆሯችን ባዳ ሆኖብናል። ጠንካራ ድምፅ ማለት የሚንቀጠቀጥ ድምፅ ማለት ነው ብለን አስተማርነው። የምንጠራበትን ስም እንኳ ተመልከቱ፤ «ድምፅ ማጉያ» እንላለን። ማጉላቱ አለን። ማስደመጡ የለንም።

እኔም ከደሙ ንጹሕ አይደለሁም። ከዚያ ምሽት በኋላ ቤቴ ገብቼ ያለፉትን ሦስት ዓመታት ደብተሮቼን አገላበጥሁ። ያፈርሁት ያኔ ነው። በመጀመሪያው ደብተር «ገና» የምትል ቃል ላይ ተንጠልጥለው የሚዋሉ ትንንሽ ስንኞች ነበሩ። በኋለኞቹ ውስጥ ግን «ሀገሬ ሆይ!»፣ «ተነሥ!»፣ «አንሞትም!» በዝቷል። መስመሩ አጠረ፣ ቃለ አጋኖው ረዘመ። ይህን የለወጠው እምነቴ አልነበረም፤ አዳራሹ ነበር። በዚያ ጉርምርምታ ውስጥ ሊሰማ የሚችለው ጩኸት ብቻ መሆኑን ሳላውቀው ተምሬ፣ ለጩኸቱ መጻፍ ጀምሬአለሁ። ጭብጨባ አገኘሁበት። ሣጥኑ አርታኢዬ ሆኖ ነበር፤ የሚያሳልፈውን አሳለፈ፣ የማያሳልፈውን አስጣለኝ። እኔን ተራ አማተር ይህን ካደረገኝ፣ በየሳምንቱ በየመድረኩ የሚወጡትን ወጣት ገጣሚያን ምን እያደረጋቸው ይሆን? «የዘንድሮ ግጥም መፈክር ሆነ» እያልን ስናማቸው፣ የቆሙበትን መድረክ አይተን እናውቃለን?

ተራግሜ ብቻ አልሄድም፤ ምክሬ እነሆ። ለግጥምና ለበገና ምሽት የባሱ ሣጥን ከመኪናው አይውረድ። በአንባቢው ማይክራፎን መስመር ላይ ከ100 ኸርዝ በታች ያለው ይቆረጥ፤ መቆጣጠሪያው ላይ አብዛኛውን ጊዜ ለዚህ የሚሆን አንዲት ቁልፍ አለች፣ የሚጫናት ጠፍቶ ነው። ሁለት ግዙፍ ሣጥን ፊት ለፊት ከማቆም፣ አራት ትንንሽ በተመልካቹ አጠገብ በጆሮ ቁመት ይቀመጡ፤ ትልቅ ሸራ ከፍተኛውን ድምፅ ወደ ፊቱ ብቻ ስለሚወረውር ከዳር የተቀመጠው ተነባቢ አይደርሰውም። መጋረጃና ምንጣፍ ይግባ፤ ከማጉያ ይልቅ ይረክሳል። ድምፅ ሲሞከርም «ሃሎ፣ አንድ፣ ሁለት» ማለቱ ይብቃ፤ ሞካሪው «ጠጅ ጠጣ፣ ቆሎ ቆረጠመ፣ ጸሎት ጸለየ» ይበል፤ የመጨረሻው ረድፍ ላይ የቆመ ሰው ደግሞ ይድገምለት። ከደገመለት አዳራሹ ለግጥም ተዘጋጅቷል። ሃምሳ ሰው ብቻ ከመጣ ግን ሁሉም ነገር ይጥፋና ዝም እንበል። በገና የተሠራው ለአንድ ክፍል ጸጥታ ነው።

በቤቱ የሚሰማም ሙዚቃውን ይዞ ገበያ ይውጣ። ሻጩ መሣሪያውን በራሱ ጭፈራ አያሳየው፤ ገዢው በሚወደው ትዝታ ይሞክረው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹና በ70ዎቹ በሸክላ የታተሙትን የጥላሁንንና የመሐሙድን ዘፈኖች የሚወድ፣ ልባቸው መካከለኛው ድምፅ ውስጥ መሆኑን ይወቅ። የዘፋኙ ጉሮሮ ከፊቱ ካልቆመ፣ ሣጥኑ ስንት ዋት እንደ ተጻፈበት ማንበብ አያስፈልገውም፤ አመስግኖ ይውጣ።

እኔ በበኩሌ ወስኛለሁ። ከእንግዲህ የሰርግ ሣጥን በተደረደረበት መድረክ ላይ ማይክራፎን አልይዝም። ከተጋበዝሁ ወርጄ በወንበሮቹ መካከል ቆሜ በባዶ ጉሮሮዬ አነባለሁ። ከኋላ ያሉት ካልሰሙኝ ወደ እነርሱ እሄዳለሁ። ጭብጨባው እንደሚቀንስ አውቃለሁ። አንዲት እናት ግን እንደ ሰሙኝ አይቻለሁ።